የማርማላታ ማሸጊያ ሐዋሳ ላይ፦ ጠርሙሱ፣ ክዳኑ፣ ሌብሉ ምን ቢሆን ይሻላል?

የታቦር ጎረቤት

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ ከእህቴ ጋር ማርማላታ እንሰራለን፣ ማንጎ፣ አናናስ፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ በዝንጅብል። እስካሁን የምንሸጠው ለሰፈር ሰውና ባዛር ላይ ነበር አሁን ግን ሱፐርማርኬትና ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች መግባት ፈልገን ማሸጊያው ላይ ቆመናል። ጣዕሙን የቀመሰ ሰው ተመልሶ ይገዛል፣ ሼልፍ ላይ ግን ማን ያቀምሰዋል፣ ሰው የሚያየው ጠርሙሱንና ወረቀቱን ነው፣ ጎኑ ደሞ ከውጭ የገቡት ተደርድረዋል።

ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ክብ የመስታወት ጠርሙስ፣ ክዳኑ ላይ ጥለት ያለው የሸማ ቁራጭ ተደርጎ በእንሰት ቃጫ ይታሰራል፣ ሌብሉ ጠርሙሱን ዙሪያውን የሚሸፍን ሆኖ ሐይቁን፣ የታቦርን ተራራ፣ ጀልባዎቹን የሚያሳይ ስዕል ይኖረዋል። የሐዋሳ መሆኑ ከሩቁ እንዲታወቅ ነው የምፈልገው። እህቴ ደሞ ፍሬውን አሳዪ ሌላውን ተዪው ብላ ቁርጥ አድርጋለች። ዲዛይን የምታውቁም፣ ሱቅ ያላችሁም፣ ዝም ብላችሁ ማርማላታ የምትወዱም ሀሳብ ስጡን በናታችሁ።

ቀለም ከአዳማ

እኔ እህትሽን ነው የምደግፈው። አዳማ ላይ ለማርና ለለውዝ ቅቤ ሰሪዎች ሌብል እሰራለሁ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስዕል ነው። ማርማላታ ግን ራሱ ቀለም ይዞ የመጣ ምግብ ነው፣ የማንጎውን ብርቱካንማ ወርቅ የትኛውም ማተሚያ ቤት አያወጣልሽም፣ ዘይቱኑም ሮዝ ከሆነ ብርሃን ሲያልፍበት የሚሰጠውን ነገር ታውቂዋለሽ። ያንን በወረቀት ዙሪያውን ከሸፈንሽው መስታወት መግዛትሽ ለምን አስፈለገ?

ክብ ጠርሙስ ላይ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የሚያነበው ከዙሪያው አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው፣ የቀረው ወደ ጎን ይዞርና ይጠፋል። ስለዚ ሐይቁን ከታቦር እስከ ጀልባው ዘርግተሽ ብትስዪው አንድም ሰው ሙሉውን አያየውም፣ ግማሽ ተራራና የጀልባ ጭራ ነው የሚታየው። ፊት ለፊት ጠበብ ያለ ሌብል፣ ከኋላ የግብአትና የቀን መረጃ የያዘ ትንሽ ሌብል፣ በሁለቱ መሃል ደሞ ባዶ መስታወት ተዪ፣ ብርሃን ከዛ ገብቶ ፍሬውን ያበራዋል።

የሌብሉን ቀለም ከፍሬው ቀለም ጋር አታመሳስዪው። ማንጎ ላይ ቢጫ ሌብል፣ አናናስ ላይ ቢጫ ሌብል፣ ይሄ በብዛት የማየው ነው፣ ከሁለት ሜትር ርቀት ሁሉም አንድ ላይ ይዋጣል። ነጭ ወይ ክሬም ወረቀት ላይ ጥቁር ጽሁፍ፣ ለየፍሬው አንድ ቀጭን የቀለም መስመር፣ በቃ። የፈረንሳዩን ቦን ማማን አይተሽው ይሆናል፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው፣ ነጭ ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈ የሚመስል ፊደል፣ ቀይና ነጭ ዳማ ክዳን፣ እስከዛሬ ሰው ከሩቁ ይለየዋል። የነሱን ዳማ ቅጂ አልልሽም (ገበያው ላይ የቀዳው ብዛት!)፣ ግን አንድ ነገር መርጠው እሱን ሳይለቁ መቆየታቸውን እይው። ያንቺ አንድ ነገር ምን ይሆናል፣ እሱን ንገሪን።

አቶቴ ሱቅ

እኔ የማወራው ከሼልፉ ጀርባ ሆኜ ነው። የኔ ልጅ ሸማውን እርሺው፣ ቢያንስ ሱቅ ለሚገባው። ምክንያቴን ልንገርሽ።

አንደኛ አንዱን ባንዱ ላይ መደራረብ አይቻልም፣ ጨርቁ ያንሸራትተዋል፣ እኔ ደሞ ቦታ የለኝም። ሌላው አቧራ ነው፣ ሐዋሳ በጋ ላይ በር ከፍተሽ ስትውዪ ነጭ ሸማ በሳምንቱ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ፣ ያቧረነ ምግብ ደሞ ማንም አያነሳም ያረጀ ነው ይላል። ከሁሉም በላይ ግን ደንበኛ አሁን ነቅቷል፣ ጠርሙስ ሲያነሳ መጀመሪያ የክዳኑን መሃል በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ጠቅ ካለ መልሶ ያስቀምጠዋል። ያንን ቦታ በጨርቅ ሸፍነሽ እመኑኝ ማለት አይሆንም።

ሌላ ማንም ዲዛይነር የማይነግርሽ ነገር፣ አዲስ የገባ እቃ የአይን ከፍታ ላይ ቦታ አያገኝም፣ የታችኛው መደዳ ላይ ነው የምናስቀምጠው። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያየው ክዳኑን ብቻ ነው። ወርቃማ ባዶ ክዳን አስር ከተደረደረ የቱ ማንጎ የቱ ዘይቱን እንደሆነ ለማወቅ ሰው ጎንበስ ብሎ እያነሳ ማየት አለበት፣ አብዛኛው አይጎነበስም። ክዳኑ ላይ ክብ ስቲከር አድርጊና የፍሬውን ስም በትልቁ ጻፊ። አንድ የማር ሻጭ ደንበኛዬ ይሄን አድርጎ ልጆቼ ራሱ እቃ ሲያወጡ አይሳሳቱም።

የታቦር ጎረቤት

@ቀለም ከአዳማ @አቶቴ ሱቅ በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። ጋሼ የክዳኑን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ እህቴ ስታነበው ጮኸች።

ቃጫውን ግን በቀላሉ አልለቅም። የሲዳማ ነገር ነው፣ እንሰት ሲፋቅ የሚወጣ ነው፣ አጎቴ ቤት ገመዱ ሁሉ ቃጫ ነው፣ ነጣ ብሎ የሚያብለጨልጭ ሲሆን ደሞ ያምራል። ከውጭ የሚመጣ ጠርሙስ ላይ ያንን ማንም አያገኘውም። የኔ አንድ ነገር ምንድነው ስትለኝ እሱ ነው የመጣልኝ። ክዳኑ ላይ ካልሆነ አንገቱ ላይ ቢሆንስ?

ምግብ ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት

ስለ መልኩ ሌሎቹ ይናገሩ፣ እኔ ጠርሙሱ ውስጥ ስላለው ልናገር ምክንያቱም ማሸጊያ ማለት መጀመሪያ ይሄ ነው። ጠርሙስና ክዳን ሳይመረጥ ሌብል የሚያሰራ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ማርማላታ የሚቆየው ስኳሩ፣ አሲዱና አየር አለመግባቱ ተጋግዘው ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ማርማላታ ውስጥ የሟሟው ጠጣር (አብዛኛው ስኳር ነው) 60 በመቶና ከዛ በላይ እንዲሆን ይጠይቃል፣ በብሪክስ መለኪያ ታይዋለሽ። የፈላውን ከ85 ዲግሪ ሳይወርድ ትሞያለሽ፣ ክዳኑን ወዲያው ትዘጊያለሽ፣ ለጥቂት ደቂቃ ትገለብጪዋለሽ፣ ሙቀቱ ክዳኑ ላይ ያለውን ጀርም ይገድልልሻል፣ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይሰበሰብና የክዳኑ መሃል ወደ ታች ይገባል። ጋሼ ያሉት ጠቅ የማይለው እሱ ነው።

ከዚህ ተነስተሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ርካሽ ነው የሚሉሽን አትስሚ። የተለመደው ጥርት ያለው የውሃ ፕላስቲክ አይነት 70 ምናምን ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፣ ትኩሱን ስትሞዪበት ወገቡ ይሰበሰባል፣ አቀዝቅዘሽ ከሞላሽው ደሞ ሻጋታ ትጠሪያለሽ። ያገለገለ የማዮኔዝ ጠርሙስ መስታወቱ ተቀቅሎ ሊያገለግል ይችላል፣ ክዳኑ ግን በፍጹም። ውስጡ ያለው ላስቲክ መሳይ ቀለበት አንዴ የጠርሙሱን አፍ ቅርጽ ከያዘ ሁለተኛ በደንብ አይገጥምም፣ ሽታም ይይዛል።

አንድ ሐዋሳ ላይ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ዩቲዩብ ላይ ማርማላታ 104 ወይ 105 ዲግሪ ሲደርስ አውጪው ይላሉ፣ እሱ ባህር ጠለል ላይ ነው። እኛ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ነን ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚ 99 ገደማ ላይ ደርሷል ማለት ነው። 105 ድረስ ከጠበቅሽ ስኳሩ ይቃጠልና ያ ቀለም ከአዳማ ያደነቀው ወርቅ ቡኒ ይሆናል፣ የዛኔ መስታወቱ የሚያሳየው ጉዱን ነው።

ቁርስ ቤት ፒያሳ

እኔ ቁርስ ቤት አለኝ፣ ለኛ ሌብል ምንም አያደርግልንም ሰፋ ባለ እቃ ስጡን። ሆቴሎቹ ግን ሌላ ናቸው፣ ቡፌ ላይ ባለ 30 ግራም ትንንሽ የመስታወት ጠርሙስ ነው የሚፈልጉት፣ ፈረንጅ እንግዳ ደሞ ያልተከፈተችውን ኪሱ ከቶ ይዟት ይሄዳል። የሐዋሳ ስም ከከተማ የሚወጣው በሷ ነው፣ እንደውም ሐይቁን መሳል ካማረሽ እዛች ላይ ሳዪው።

እናት ነኝ ከመናኸሪያ

ልጆቼ ጎበዞች ናችሁ እግዜር ይባርካችሁ። እኔ የምገዛ ሰው ነኝ፣ ስለ ሽያጭ አላውቅም፣ ግን ጠርሙስ አውቃለሁ።

ማርማላታው ሲያልቅ ጠርሙሱን የሚጥል ቤት አላውቅም። እኔ ቤት ሄዳችሁ ቁምሳጥኑን ክፈቱ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ሚጥሚጣ፣ ሁሉም የማርማላታና የማር ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ አፉ ሰፊ ይሁን፣ ማንኪያ ብቻ ሳይሆን ለማጠብ እጅ የሚገባበት። አንድ ጊዜ ስድስት ጎን ያለው አምሮኝ ገዛሁ፣ አይን ይስባል እውነት ነው፣ ነገር ግን ማዕዘኑ ውስጥ የቀረው ማርማላታ በማንኪያ አይወጣም፣ ሲታጠብም ስፖንጁ አይደርስበትም። ክብ ይሻላል።

ወረቀቱ ደሞ በውሃ ይልቀቅ። አንዳንዱ ሙጫ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አድረሽ፣ በጥፍርሽ ፍቀሽ፣ በነጭ ጋዝ አሽተሽ አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ጠርሙሱ ዘላለም ቆሻሻ መስሎ ይቀራል። ቶሎ የሚለቅ ከሆነ ግን እኔ ያንን ማርማላታ ለጠርሙሱ ስል እደግመዋለሁ።

ሌላው "የጾም" ብለሽ ጻፊበት እናቴ፣ ትልቅ አድርገሽ። ማርማላታ በብዛት የሚበላው በጾም ነው፣ ሁዳዴን የምንገፋው በዳቦና በሱ ነው፣ አሁን ነገሩ ሁሉ ሲቀላቀል ሰው ጄላቲን አለበት ወይ እያለ ይጠይቃል። ጽሁፉም መነጽር የማያስፈልገው ይሁን።

ምግብ ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት

@እናት ነኝ እማማ ትክክል ነዎት፣ ማርማላታ የሚረጋው በፔክቲን ነው፣ ከፖም ልጣጭና ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣ ስለሆነ የጾም ነው። ጄላቲን ካልገባበት "የጾም" መባሉ እውነት ነው። ዘይቱን ደሞ ራሱ ፔክቲን ስላለው ብዙ መጨመር እንኳን አይፈልግም።

ቀለም ከአዳማ

የእማማን ነገር ያላነበበ ዲዛይነር ሌብል አይስራ። ስለ ሙጫው፣ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ስቲከር ብቻ አትበሉ፣ በውሃ የሚለቅ ሙጫ ያለው ወረቀት ብላችሁ ጠይቁ። ፍሪጅ ገብቶ የሚያልበው ነገር ግን አለ፣ ተራ ወረቀት ያብጥና ቀለሙ ይፈሳል። ሁለቱን ለማስታረቅ ወረቀቱ ላይ ቀጭን ቫርኒሽ ማስቀባት ይሻላል፣ ሙሉ የፕላስቲክ ላሚኔሽን ካደረጋችሁት ግን ውሃ ከላይ ስለማይገባ ዘፍዝፋችሁም አይላቀቅም። ለናሙና የተለያየ ወረቀት አሳትሙና ጠርሙስ ላይ ለጥፋችሁ ፍሪጅ አሳድሩት፣ በማግስቱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ የቱ እንደሚሻል ራሱ ይነግራችኋል። ደሞ የምትለጥፉት ጠርሙሱ ፍጹም ከቀዘቀዘና ከደረቀ በኋላ ይሁን፣ አዳማ ሙቀት ላይ ትኩስ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈ ሌብል በሳምንቱ ጠርዙ ሲነሳ አይቻለሁ።

ስለ ፊደል ደሞ። የኛ ፊደል ትንንሽ ቅጥያ አለው፣ ሙ እና ሚ፣ ቡ እና ቢ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፣ ሲያንስ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። በተለይ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሁፍ ስታደርጉ ቀለሙ ወደ ውስጥ ይገባና ይደፍነዋል። ግብአቱን በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ብቻ አድርጉት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነጻ ነው፣ ለትንሽ ጽሁፍ ጥሩ ነው፣ ለፍሬው ስም ግን እጁ ጥሩ የሆነ ሰው በብሩሽ ይጻፈውና ስካን ይደረግ፣ ከየትኛውም ፎንት ይበልጣል። የእህትሽ የእጅ ጽሁፍ ቆንጆ ከሆነስ?

በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ብትሄዱ ደሞ ፎንቱ እነሱ ጋ ከሌለ "ማንጎ" ያላችሁት የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ይከፈታል። ጽሁፉን ወደ መስመር ቀይራችሁ (ፎንት የማይፈልግ ቅርጽ ይሆናል) ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስጡ። ባርኮድ ካላችሁ ቀይ አታድርጉት እባካችሁ፣ የሱፐርማርኬቱ ማንበቢያ ቀይ ብርሃን ስለሆነ ቀይ መስመርን እንደ ነጭ ነው የሚያየው፣ አያነበውም። ጥቁር በነጭ።

አቶቴ ሱቅ

ቀኑን ረስታችኋል። ያመረቱበትና የሚያበቃበት ቀን ላይ የኛ ዘመን አቆጣጠር ነው የፈረንጅ ነው የሚለውን ጻፉት። አንድ አምራች "07/2017" ብሎ በኛ አቆጣጠር አምጥቶልኝ ደንበኛ ሁሉ አልፎበታል እያለ ሲመልስልኝ ነበር፣ ቆሜ ሳስረዳ ከረምኩ። "ዓ.ም." ወይ "እ.ኤ.አ." ትጨመር፣ ወሩ በስሙ ቢጻፍማ ጭራሽ ጥያቄ የለም። የምርት ምድብ ቁጥር፣ የተጣራ ክብደት፣ ግብአቱ ከብዙው ወደ ትንሹ ተደርድሮ፣ የት እንደተመረተና አድራሻ፣ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ይግባ የሚለውም። ይሄ ሁሉ ከኋላ ባለችው ሌብል ይበቃል።

ክብደቱን በሚሊ እንዳትጽፉት። ማርማላታ ከውሃ ይከብዳል፣ 300 ሚሊ ቦታ የያዘው 390 ግራም አካባቢ ይመዝናል። የጠርሙሱን ሚሊ ዝም ብሎ ግራም አድርጎ የሚጽፍ አለ፣ ራሱን ነው የሚጎዳው።

ሲዳማ ቀርከሃ

ቃጫን በተመለከተ ከእህታችን ጋር ነኝ፣ እንደውም አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ዞሮ ትንሽ ካርድ ቢንጠለጠልበት ቆንጆ ነው፣ መደራረቡንም አይከለክልም ክዳኑም ነጻ ነው። ቃጫው ግን በደንብ የታጠበና የደረቀ ይሁን፣ እርጥብ ከሆነ ሽታ አለው ጠርሙሱም ላይ ቢጫ ውሃ ይተዋል።

ለስጦታ ደሞ ቀርከሃ አስቡ። ሁላ፣ አርቤጎና በኩል ደጋው ላይ ቀርከሃ ሞልቷል፣ ቤቱም አጥሩም እሱ ነው፣ ሦስት ጠርሙስ የምትይዝ ቅርጫት መስራት ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው። ለፍቼ ጫምባላላ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ማንጎ አናናስ ዘይቱን አንድ ላይ። ፍቼ 2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ላይ ከተመዘገበ ወዲህ ለበዓሉ ወደ ሐዋሳ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው፣ ይዞት የሚመለስ ነገር ይፈልጋል። ስትገዙ ግን እድሜው የደረሰና የደረቀ ቀርከሃ መሆኑን ጠይቁ፣ ለጋው ውስጡ ስታርች ስላለው ነቀዝ ይገባበታል፣ ዱቄት እያራገፈ ምግብ አጠገብ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የፍሬው ስም በሲዳሙ አፎም ይጻፍ። እዚሁ የተመረተ ነገር ላይ አያቴ በቋንቋዋ ብታየው ደስ ይላታል።

ቀለም ከአዳማ

ቋንቋው ላይ እስማማለሁ ወንድሜ፣ አዳማ ሲመጣ ደሞ አፋን ኦሮሞ ይፈልጋል። ግን ፊት ለፊቱን ሌብል በሦስት አራት ቋንቋ ከሞላነው ሁሉም ትንሽ ሆኖ ማንም አያነበውም። የእማማ መነጽር ነገር ይምጣ። እኔ የማደርገው የፍሬው ስም ፊት ለፊት በአማርኛ በትልቁ፣ ከስሩ በሲዳሙ አፎ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ ላይ ደሞ የቀረው ቋንቋ ሁሉ። ካርዱ ለየገበያው ሊቀየር ይችላል፣ ሌብሉ ግን አንዴ በብዛት ታትሞ ያልቃል፣ በብዛት ሲታተም ደሞ ይረክሳል።

ሲዳማ ቀርከሃ

ከስሩ ሳይሆን እኩል መጠን ይሁን እላለሁ። ሁለት ቃል ነው፣ ቦታ አያጣም።

ቁርስ ቤት ፒያሳ

ፓፓያ በዝንጅብሉን ስትስሉ ዝንጅብሉንም ሳሉት። ምን ያህል ቦታ የፍሬ ፎቶ ተቆልሎ ውስጡ ስኳርና ቀለም የሆነ አለ። አውሮፓ ውስጥ አንድ ኪሎ ማርማላታ ቢያንስ 350 ግራም ፍሬ እንዲገባበት ሕግ ነበር፣ ሌብሉም ላይ ይጻፋል። እናንተ ከዛ በላይ የምታስገቡ ከሆነ ለምን ፊት ለፊት "ከ100 ግራሙ ይሄን ያህሉ ፍሬ ነው" ብላችሁ አትጽፉም፣ እኔ ብሆን ከሐይቁ ስዕል በፊት እሱን ነው የማነበው።

የታቦር ጎረቤት

ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ሁሉንም አነበብነው፣ እንዲህ ብለን ቆርጠናል።

ክብ፣ አፈ ሰፊ የመስታወት ጠርሙስ፣ አዲስ ክዳን ከነጠርሙሱ። ክዳኑ ላይ የፍሬው ስም ብቻ ያለበት ክብ ስቲከር፣ መሃሉ ግን ክፍት የሆነ እንደ ቀለበት፣ ሰው መጫን ስለሚፈልግ። ፊት ለፊት ክሬም ወረቀት፣ ስሙ በእህቴ እጅ ጽሁፍ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ እኩል መጠን (ቀርከሃ ወንድሜ አሳምነኸናል)፣ ከሱ ስር የፍሬው መጠንና "የጾም"። ሐይቁ ከሌብሉ ወጣ፣ አዝኜ ነው ግን ወጣ፣ ትንንሾቹ የሆቴል ጠርሙሶች ካርድ ላይ ይገባል። ቃጫው አንገቱ ላይ ቀረ። ሸማውን ለበዓል ቅርጫት ብቻ።

እማማ የሙጫውን ሙከራ ጀምረናል፣ የሚለቀው ሲገኝ የመጀመሪያዋን ጠርሙስ መናኸሪያ ድረስ እናመጣሎታለን።

የቀረኝ ጥያቄ፣ የገዛነው ጠርሙስ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ ነው፣ ሙከራ የለጠፍነው ሌብል ጠርዙ እየተጨማደደ አስቸገረን። ጠርሙሱን ልቀይር ወይስ ሌላ መላ አለው?

ቀለም ከአዳማ

ጠርሙሱን አትቀይሪ። ቀጭን ወረቀት ጠርሙሱ ላይ ጠቅልለሽ የሌብሉን ቦታ ከላይና ከታች በእርሳስ ዙሪያውን አስምሪ፣ ፍቺና ዘርጊው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሌብሉ በዛ ጉብጠት ነው መቆረጥ ያለበት፣ ጽሁፉም እሱን ተከትሎ ይጎብጥ። ፎቶ አንስተሽ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ቅርጹን አውጥቼ እመልስልሻለሁ። የቁመቱን ነገር ግን አሳጥሪው፣ ሌብሉ ባጠረ ቁጥር መጨማደዱ ይቀንሳል።

አቶቴ ሱቅ

ካርቶኑን ደሞ በመሃሉ መክፈያ ያለው አድርጉት፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ ጋር እየተጋጨ መጥቶ ሌብሉ ተፍቆ ይደርሰኛል። መጀመሪያ ከማንጎና ከዘይቱን አንዳንድ ካርቶን አምጡልኝ፣ ከታች ሳይሆን ካሸሩ አጠገብ ነው የማስቀምጠው።

የታቦር ጎረቤት

ጋሼ እግዜር ይስጥልን! መክፈያ ካርቶን የሚሰራ ሐዋሳ ውስጥ የሚያውቅ ካለ ስልክ ሳይሆን ሰፈሩን ብቻ ጻፉልኝ፣ እሄዳለሁ።